ድንጋዩ ያለውና እኛ ያልነው

(ለአርኪዮሎጂና ለታሪክ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ይናገራል ተብላችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን አዱሊስ ወደብ ድረስ አብረን እንሂድ። አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውቅ፦ በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን ከመነሻው እንደተናገርኩ ኋላ ይገባችኋል።

ዘመኑ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ሂምያር ላይ፣ የዛሬዋ የመን ውስጥ በነበረው መንግሥት ላይ፣ ሊዘምቱ በመሰናዳት ላይ ናቸው። በዚያን ጊዜ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር። ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከከተማዋ ዳር፣ ከእብነ በረድ የተሠራ ዙፋን ቆሟል። ከዙፋኑ ጀርባ ደግሞ ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበ፣ ግርጌው የተሰበረ ሰሌዳ አለ። ሁለቱም ላይ በግሪክ ቋንቋ ተጽፏል። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ሹም አዘዙ፤ ሹሙም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ለሌላ ነጋዴ ሰጣቸው። ገለበጡት። አንዱን ቅጂ ለሹሙ አስረከቡ፣ አንዱን ኮስማስ ለራሱ አስቀረ። እስከ እኛ የደረሰው ይኸው ለራሱ ያስቀረው ነው።

ዛሬ ዙፋኑም የለም፣ ሰሌዳውም የለም። አዱሊስ ራሷ ኤርትራ ውስጥ፣ ዙላ አጠገብ አፈር ለብሳ ተኝታለች። ስለዚህ ስለዚያ ጽሑፍ የምናውቀውን ሁሉ የምናውቀው በአንድ ነጋዴ ብዕር ነው።

ኮስማስ ግን አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራ። የዙፋኑ ጽሑፍ የሰሌዳው ተከታይ መሰለው። ሰሌዳው ላይ የሚናገረው የግብፁ ንጉሥ ሦስተኛው በጥሊሞስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የነገሠ። ዙፋኑ ላይ የሚናገረው ደግሞ ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ በሁለቱ መካከል ብዙ መቶ ዓመታት አሉ። ኮስማስ ሁለቱን አንድ ስላደረጋቸው የአክሱሙ ንጉሥ ዘመቻ፣ ያስገበራቸው አገሮችና የተሻገራቸው ተራሮች ሁሉ ለግብፁ ንጉሥ ተቆጠሩለት። ስሕተቱ የታወቀው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አንዱ ፍንጭ ሰዋስው ነበር፦ ሰሌዳው ስለ ንጉሡ «እርሱ» እያለ ሲያወራ ዙፋኑ «እኔ» ይላል።

እዚህ ላይ ነው እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው። ኮስማስ ሲገለብጥ፣ ይህ ሰሌዳው ላይ ያለው ነው፣ ይህ ደግሞ ዙፋኑ ላይ ያለው ነው ብሎ ለይቶ ጽፏል። «ተከታይ ነው» ያለው የራሱ ግምት ነበር፤ ግምቱ ስሕተት፣ ምዝገባው ግን ልክ። ስፌቱ ስላልጠፋ፣ ሌሎች ሊቃውንት መጥተው ሊተረትሩት ቻሉ። ሁለቱን ጽሑፎች አንድ ወጥ አድርጎ ጽፏቸው ቢሆን ኖሮ ግን ምን እንተረትር ነበር?

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ስፌት ነው። ኤክስኤምኤል፣ ቲኢአይ፣ ኤፒዶክ የምንላቸው፣ በኮምፒውተር ጽሑፍ ላይ ምልክት የምናደርግባቸው ሥርዓቶች ሁሉ፣ ከስማቸው ባዕድነት አልፋችሁ ካያችኋቸው፣ የሚያገለግሉት ለአንድ ጉዳይ ነው፦ ያየነው የቱ ነው፣ የገመትነው የቱ ነው፣ ገማቹስ ማን ነው የሚለው ከመዝገቡ እንዳይጠፋ።

የእኛ ሥራ ከኮስማስ ሥራ የባሰ ጣጣ አለበት። እርሱ ገልብጦ ሲሄድ ዙፋኑ እዚያው ቀርቷል፤ ሌላ ሰው መጥቶ ሊያመሳክር ይችል ነበር። እኛ ግን አንድ ስኩዌር፣ ለቁፋሮ የተለካ አራት ማዕዘን ቦታ፣ አንዴ ከቆፈርን ተመልሶ አይቆፈርም። አፈሩ በወንፊት ተነፍቶ ተከምሯል፣ ንብርብሩ ፈርሷል፣ ገሉ በከረጢት፣ አጥንቱ በካርቶን ሆኖ ወደ መጋዘን ሄዷል። ከዚያ በኋላ ቦታው ማለት መዝገቡ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በአንድ ቁፋሮ ላይ የገል መዝገብ ያዥ ነበርኩ። መዝገቡን በኮምፒውተር እንይዝ ነበርና ልማዳችን እንዲህ ነበር፦ እርግጠኛ የሆንበትን በጥቁር፣ የተጠራጠርነውን በቀይ፣ ከላይኛው ንብር ሾልኮ የወረደ የሚመስለንን በሰማያዊ እንጽፋለን። አንድ ሙሉ የቁፋሮ ወቅት እንዲህ ሠራን። ሁላችንም ቀለሙን እናውቀዋለን፤ ስለዚህ ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ የትም አልጻፍንም። በኋላ መዝገቡ ለሌላ ባለሙያ ሲላክ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀየረ፤ ቀለሙ በሙሉ ወደቀ። «ምናልባት» ያልነው ሁሉ በአንድ ሌሊት «ነው» ሆነ። ከወራት በኋላ ሪፖርቱን ሳነብ፣ ከሦስተኛው ንብር የተገኘ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የወይን ጠጅ ማሰሮ ስባሪ አለ ይላል። ያችን ገል አውቃታለሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነበረች። በእጄ ይዤ ለጓደኛዬ «ይህቺ ከላይ የወረደች ትመስለኛለች» ብዬው፣ በሰማያዊ የጻፍኳት እኔ ነበርኩ።

ማንም አልዋሸም። ጥፋቱ ሐሳባችንን መልክ ላይ ማስቀመጣችን ነው። ቀለም፣ ደማቅ ፊደል፣ ሰያፍ ፊደል ለዓይን ነው የሚናገረው፤ ፋይሉ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲሻገር መጀመሪያ የሚረግፈውም እርሱ ነው። የምልክት ቋንቋ፣ ማለትም ኤክስኤምኤልና መሰሎቹ፣ የሚያደርገው ይህንኑ ሐሳብ ከቀለም አውርዶ በቃል መጻፍ ነው። «ቀይ» ከማለት «አጠራጣሪ» ይላል። ያ ቃል ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ በወረቀት ቢታተም፣ በሌላ ፕሮግራም ቢከፈት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢነበብ ያው ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ድጓ ገልጣችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ተጽፈው ጭረት፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ አሉ። ሊቃውንቱ ምን ብለው ይጠሯቸዋል? «ምልክት» ነው የሚሏቸው። ምልክቱ ቃሉን አይለውጠውም፤ ቃሉ እንዴት እንደሚዜም ይናገራል። ምልክቱን ከቃሉ ጋር አደባልቆ የሚያነብ ደብተራ የለም። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም መጻፉም እንዲሁ የአንባቢን ዓይን የሚመራ ሥርዓት ነው። ቀይ ቀለም በብራና ላይ ለዘመናት ሲያገለግል በእኛ መዝገብ ላይ የከዳን፣ ብራናው ባለበት ስለሚኖር ፋይል ግን ስለሚጓዝ ነው።

አሁን ወደ አክሱም እንውጣ፤ ነገሩን በአንድ መስመር ላይ በእጃችሁ አስይዛችኋለሁ።

የዒዛናን ድንጋይ ታውቁታላችሁ። የቤጃን ዘመቻ የሚተርከው፣ አንዱ በከተማዋ ውስጥ የቆመው፣ ሌላው ደግሞ ገበሬዎች በ1981 ያገኙት። ጽሑፉ በሦስት ዓይነት ፊደል ነው፦ በግሪክ፣ በሳባ ፊደል፣ እና በግዕዝ። ግዕዙ ግን እኛ የምናውቀው ግዕዝ አይደለም፤ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ገና አልተለየበትም። ሁሉም ፊደል በአንደኛው ቅርጹ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ መጀመሪያው እንዲህ ይነበባል፦

ዐዘነ፡ ነገሠ፡ አከሰመ

ዛሬ ያለ አንድ ሰው ይህን ቢያይ «አዘነ፣ ነገሠ» ብሎ ሊያነብ ይችላል። የተባለው ግን ዒዛና፣ የአክሱም ንጉሥ ነው። መጽሐፍ ላይ ስናትመው «ዒዛና ንጉሠ አክሱም» ብለን እናትማለን፤ ያኔ ድንጋዩ ላይ ያልነበሩ አናባቢዎችን ሁሉ እኛ ጨምረናል ማለት ነው። መጨመራችን ልክ ነው። ግን አንባቢው መጨመራችንን ያውቃል ወይ? በምልክት ቋንቋ ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

<ሰው መለያ="ዒዛና">ዐዘነ</ሰው>
<ማዕረግ ንባብ="ንጉሠ">ነገሠ</ማዕረግ>
<ቦታ መለያ="አክሱም">አከሰመ</ቦታ>

አያስፈራም፤ ተመልከቱት። በሁለቱ ቀስቶች መካከል ያለው ቃል ታግ ይባላል። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው፣ ሰያፍ መስመር ያለበት፣ ይዘጋል። በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ያለው ድንጋዩ ያለው ነው። ታጉ ውስጥ ያለው እኛ ያልነው ነው። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ተቀምጠውም አይነካኩም። ኮምፒውተሩን «ድንጋዩን ብቻ አሳየኝ» ብትሉት ዐዘነ፡ ነገሠ፡ አከሰመ ብሎ ያሳያችኋል፤ «የሚነበበውን አሳየኝ» ብትሉት ሌላውን። ፋይሉ አንድ ነው።

አሁን ወደሚከብደው እንሂድ። ግዕዙ የዒዛናን ግዛቶች ሲዘረዝር ከረይዳን ቀጥሎ፣ ከሳባ በፊት፣ «ሐበሠተ» ይላል። ግሪኩ በዚያው ቦታ ላይ የሚለው «ኢትዮጵያውያን» ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በስማችን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መስመር ጥቂት ነው። ግዕዙም የጣዖቱን ስም ማሕረም ሲል ግሪኩ አሬስ ይለዋል። እንግዲህ አርታዒው ምን ያድርግ? ሐበሠትና ኢትዮጵያ አንድ ናቸው ብሎ አንድ መለያ ይስጣቸው? ወይስ ሁለት መለያ ሰጥቶ፣ ተርጓሚው እዚህ ላይ አንዱን በሌላው ተክቶታል የሚል ማስታወሻ ያያይዝ? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግሪኩን የጻፈው ሰው ያንን ቃል የመረጠው ለግሪክ አንባቢ ብሎ ነው፤ ምርጫው ራሱ ታሪክ ስለሆነ አንድ መለያ ውስጥ ልቀብረው አልፈልግም። ሌላ ባለሙያ ከእኔ ሊለይ ይችላል። ሊለይ የሚችለው ግን እኔ የወሰንኩትን ማየት ሲችል ብቻ ነው።

ወደ አዱሊሱ ዙፋን አንድ ጊዜ ልመልሳችሁ፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ስለሆነ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ከዓባይ ማዶ ስላሉ የሰሜን ሰዎች (አቅጣጫውን ሳይሆን ራስ ዳሸን ያለበትን አገር ማለቴ ነው) ይናገራል፤ ተራራቸው ለመውጣት የሚያስቸግር፣ ዓመቱን ሙሉ ብርድና አመዳይ የማይለየው፣ ሰው በበረዶው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት መሆኑን ይገልጻል። ሰሜን ተራራ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይደነግጣል። ነገር ግን ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው የሚሻገረው ተከዜን ነው። ጽሑፉ ግን ዓባይ ይላል። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት እዚህ ላይ ዓባይ የተባለው ተከዜ ነው ይላሉ። ካርታ ስንሠራ ነጥቡን የት እናድርግ? ምልክቱ እንዲህ ያስቀምጠዋል፦

<ወንዝ መለያ="ተከዜ" እርግጠኝነት="መካከለኛ">ዓባይ</ወንዝ>

የጻፈው ዓባይ ነው፤ የተረዳነው ተከዜ ነው፤ እርግጠኝነታችን መካከለኛ ነው። ሦስት ነገር በአንድ መስመር።

መለያ መለያ የምለው ለምንድን ነው? የእኛ አጻጻፍ ራሱ ስለሚያስገድደን ነው። ዒዛና በዓይኑ ዒ የሚጽፍ አለ፣ ኢዛና ብሎ በአሌፍ የሚጽፍ አለ፣ ኤዛና የሚልም አለ። አዱሊስም አዶሊስ ትባላለች። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ። አንዱን ሰው በሦስት አጻጻፍ ብትፈልጉት ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው የሚላችሁ። መለያ ግን አይለወጥም። ይህን ቀድመው የተረዱት የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪዎች ናቸው። ድንቅነሽን አስቡ። ለዓለም ሉሲ ናት፣ ለእኛ ድንቅነሽ፤ በመዝገብ ላይ ግን «ኤ ኤል 288-1» ናት። ሁለቱ ፊደሎች የአፋር ቦታ ማለት ናቸው፤ 288 የተገኘችበት ነጥብ ነው፤ 1 የግኝቱ ቁጥር ነው። ስሟን የፈለገ በፈለገው ቋንቋ ይጥራት፤ ቁጥሯን የያዘ ሰው ሐዳር ውስጥ የትኛው ተዳፋት ላይ እንደወጣች ያውቃል።

ድንቅነሽ የተገኘችበትን ቀን ካነሣሁ፣ መጀመሪያ ላይ ስለ አቆጣጠር የተናገርኩትም እዚህ ይመጣል። የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ነው። አንዳንዶቻችሁ ግንባራችሁን ቋጠራችሁ፤ 1974 ነበር የምታውቁት። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የአውሮፓ። አሁን በአንድ የቁፋሮ ቡድን ውስጥ ግማሹ ሰው በእኛ፣ ግማሹ በእነርሱ አቆጣጠር እየጻፈ፣ ሁሉም በከረጢቱ ካርድ ላይ ዓመቱን ብቻ አስፍሮ ሲያልፍ አስቡት። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ ሁለቱ ዓመታት ይገጥማሉ፤ «1967» የሚል ካርድ የማን እንደሆነ ማን ይነግራችኋል? ይህ በመጋዘን ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ቃል ነው፦

<ቀን አቆጣጠር="ኢትዮጵያ">15/3/1967</ቀን>

ስለ መሣሪያው ታሪክ በአጭሩ። ጥንታዊ ጽሑፍ የሚያትሙ ሊቃውንት በ1931 ላይደን ላይ ተሰብስበው አንድ ስምምነት አደረጉ፦ ከድንጋዩ የጠፋውንና በግምት የተሞላውን በማዕዘን ቅንፍ፣ ፊደሉ ደብዝዞ የሚያጠራጥረውን ከሥሩ ነጥብ በማድረግ ወዘተ። ለወረቀት በቂ ነበር። በ1987 ቲኢአይ የሚባለው፣ ጽሑፎችን በኮምፒውተር እንዴት እንመዝግብ የሚለው የምሁራን ኅብረት ሥራ ተጀመረ። ኤክስኤምኤል በ1998 ወጣ። በ2000 ገደማ ደግሞ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቶም ኤሊየትና ባልደረቦቹ የላይደንን ቅንፎችና ነጥቦች ወደ ቲኢአይ ታጎች የሚያሸጋግረውን ኤፒዶክን መሥራት ያዙ። ዛሬ በቱርክ የሚገኘው የአፍሮዲሲያስ ከተማ የድንጋይ ጽሑፎችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የግብፅ ፓፒረሶች በዚሁ ሥርዓት ተመዝግበው ማንም ያነባቸዋል። ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው፣ ስሙም በግዕዝ «ቤተ መጻሕፍት» የሆነው ፕሮጀክት ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት፣ በውስጣቸው የተጠቀሱትን ሰዎችና ቦታዎች ጭምር፣ በቲኢአይ ኤክስኤምኤል ይመዘግባል፤ ፋይሎቹም ጊትሀብ በሚባለው የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ክፍት ናቸው። ቤታችሁ ስትገቡ ክፈቷቸው። የአንድ ገዳም መጽሐፍ ፋይል ውስጥ ማን ምን እንደጻፈ፣ በየትኛው ቀን ማን ምን እንዳረመ ታያላችሁ።

ፊደላችንም የራሱ ታሪክ አለው። ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር ከሚሰጠው የጋራ ደንብ፣ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተተየቡ ብዙ የቅርስ መዝገቦች አሉን። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቷቸው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ነው የሚታየው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ኤክስኤምኤል ደግሞ የወጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው፤ ለታግ ስም የሚፈቅደውም በዚያን ጊዜ በዩኒኮድ የነበሩትን ፊደላት ብቻ ነበር። ስለዚህ በአማርኛ መጻፍ ይቻል ነበር፣ ታጉን ግን በአማርኛ መሰየም አይቻልም ነበር፤ ቀስቱ ውስጥ «ቦታ» ብትሉ ኮምፒውተሩ ስሕተት ነው ይላችሁ ነበር። በ2004 በወጣው ሌላ እትም ቢፈቀድም ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። በ2008 ዋናው ደንብ ሲታረም በሩ በደንብ ተከፈተ። ዛሬ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩላችሁ የአማርኛ ታጎች ሁሉ የሚሠሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ለሌላው ዓለም ለምታካፍሉት ፋይል የቲኢአይን የታወቁ ታጎች ተጠቀሙ እላለሁ። ይህን ስል እያመመኝ አይደለም። ታጉ የጋራ መግባቢያ ነው፤ የእኛ ቋንቋ ቦታው በታጎቹ መካከል፣ በንባቡና በማስታወሻው ነው። በአማርኛ ታግ የተማረና የሠራ ቡድን ካለ ደግሞ ስሞቹን በአንድ ትእዛዝ ወደ ቲኢአይ መለወጥ ይቻላል፤ ቲኢአይ ራሱ ለታጎች በሌላ ቋንቋ ስም መስጠትን ይፈቅዳል። ለማስተማሪያ አማርኛውን፣ ለማካፈያ የጋራውን።

«ለምን በኤክሴል አንሠራም?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥሩ! የገል ቁጥር፣ ክብደት፣ ውፍረት፣ የስኩዌር ቁጥር፤ ይህ ሁሉ ሠንጠረዥ ነው፣ በሠንጠረዥ ነው የሚያምረው። ሰንጠረዥ የሚያቅተው ጽሑፍ ሲመጣ ነው፦ የድንጋይ ጽሑፍ፣ የቁፋሮ ማስታወሻ ደብተር፣ የመንደር ሽማግሌ ስለ ቦታው የነገሩን። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግማሽ ቃል ጠፍቶ፣ ሌላው ግማሽ አጠራጣሪ ሆኖ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ የሰው ስም ሲኖር፣ ያንን በየትኛው ሳጥን ታስገቡታላችሁ? በተለይ የማስታወሻ ደብተሮችን አደራ። ቆፋሪው በዚያ ቀን ማታ በፋኖስ የጻፈው፣ «ዛሬ አፈሩ ወደ ቀይ ተለወጠ፣ ትናንት ያልኩት ወለል ወለል ላይሆን ይችላል» የሚለው መስመር ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እርሱ ነው።

ስለ ማካፈል አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሁሉ ነገር ይከፈት የምል ሰው አይደለሁም። ጥበቃ የሌለው መቃብር ያለበትን ትክክለኛ ነጥብ ለዓለም ማስታወቅ፣ ለዘራፊ ካርታ እንደ መስጠት ነው። አንድ መንደር ለዘመናት በዝምታ የጠበቀውን ንዋየ ቅድሳት ፎቶና ቦታ አያይዞ መልቀቅ የእኛ ሥልጣን አይደለም። የምልክት ቋንቋ እዚህም ይጠቅማል፦ የቦታው ነጥብ ለብቻው ምልክት ከተደረገበት፣ ዋናው ፋይል ሳይጎድል፣ ለሕዝብ በሚወጣው ቅጂ ላይ ወረዳው ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ለዚህም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ያንን የሚሠራ ታግ የለም።

ሥራው አድካሚ ነው፤ አልደብቃችሁም። አንድ ሃያ መስመር ጽሑፍ ምልክት ለማድረግ አንድ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የሚያደክመው ግን መተየቡ አይደለም። መጽሐፍ ላይ «ዒዛና» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ታጉን ስትጽፉ ግን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ትጠየቃላችሁ፦ አየኸው ወይስ ገመትከው? ብዙ ጊዜ፣ አየሁት ብላችሁ ስታምኑ የኖራችሁትን፣ ከቀድሞ ሰው መጽሐፍ የወረሳችሁት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አምና ከሁለት ተማሪዎች ጋር የአንድ የተሰበረ የግዕዝ ድንጋይ ፎቶግራፍ እያነበብን ነበር። መስመሩ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል አለ፦ ሁለት እግር፣ ከአናቱ ደግሞ ወደ ላይ የወጣ ቀጭን ጭረት። ልጅቷ «ጭረቱ የፊደሉ ነው፣ ሰ ነው» አለች። ልጁ «ጭረቱ የድንጋዩ ስንጥቅ ነው፣ ለ ነው» አለ። አጉልተን አየነው፣ ብርሃኑን ለዋወጥነው፣ አገላብጠን አየነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ተከራከሩ። ሁለቱም በየመንገዳቸው ትክክል ናቸው፤ ቃሉ በሁለቱም ይነበባል፣ ትርጉሙ ግን ይለያያል። የመጽሐፍ መምህሮቻችን ለእንዲህ ያለው ጊዜ «አንድም» የሚል ቃል ሰጥተውናል። ስለዚህ ታጉን ሲሰይሙ ሌላ ቃል አልፈለጉም፦

<አንድም ያነበበ="1" ምክንያት="ጭረቱ ተቀርጿል">ሰ</አንድም>
<አንድም ያነበበ="2" ምክንያት="ጭረቱ ስንጥቅ ነው">ለ</አንድም>

ክረምቱ ሲያልፍ ድንጋዩ ካለበት እንሄዳለን። ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ የተቀረጸ ጭረት ጥላ ይይዛል፤ ስንጥቅ ግን ጥላው ይሰበራል። እስከዚያ ድረስ ፋይሉ ሁለቱንም ይዞ ተቀምጧል።